የሚላስ ጡብ

መጀመሪያ የጠፋው ሻሽ ነበር። የሺ አጥባ አጥሩ ላይ ካሰጣችው ልብስ ሁሉ ነጩ ሻሿ ብቻ ተለይቶ ጠፋ። ነፋስ ወስዶት ይሆናል ብላ እስከ ታችኛው ወንዝ ድረስ ወርዳ ፈለገች፣ ቁልቋሉን ሁሉ ዞራ አየች፣ የለም። በሳምንቱ ፎጣዋ ጠፋ። ከዚያ ደግሞ ልጇ ቢኒያም ወልድያ ለሥራ ሲሄድ ትቶላት የሄደው፣ እሷም ልጇ ሲናፍቃት ከላይ ደርባው የምትውለው ሸሚዝ ጠፋ። ያን ጊዜ የሺ መፈለጉን ትታ መጠርጠር ጀመረች።

የሺ በሰሜን ወሎ ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ወደ ሲሪንቃ ከሚወስደው አስፋልት ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ላይ በሚያስኬድ መንደር ትኖራለች። የተወለደችው ጉባ ላፍቶ ደጋው ላይ ነው፤ ወደዚህ የወረደችው በትዳር ነው። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎታል። አንድ ጥቁር በሬ፣ ቡላ በመሆኗ ቡሊት የምትባል አንዲት ላምና የምታሳርሰው ቁራሽ መሬት አላት። ሥራ የማይከብዳት፣ ቃሏን የምትጠብቅ ሴት ናት። ሰው ማመን ግን አይሆንላትም።

እንዲህ ሆና አልተፈጠረችም። በጦርነቱ ጊዜ ቤቷን ዘግታ ሸሽታ ከርማ ስትመለስ በሩ ተነቅሏል፣ ቤቱ ባዶ ነው። ያንን የሩቅ ሰው፣ የማታውቀው ሰው ያደረገው ነው ብላ ቻለችው። በዓመቱ እዚያው ከመንደሯ ብዙ በማይርቅ ሰርግ ቤት ተጠርታ ሄደች። ወጥ የሚወጣበትን ድስት ስታየው የራሷ ድስት ነው። እጀታው ተነቅሎ ባሏ በሽቦ ያሰረው፣ ሽቦው እንኳ አልተቀየረም። እህል ሳትቀምስ፣ ለማንም ምንም ሳትናገር ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ከዕቃዋ ሁሉ ሥር ምልክት ትጭራለች። ሰው ደህና አደርሽ ሲላት እንኳ ከኋላው ምን አለ ብላ ታስባለች።

እና ልብሱ ሲጠፋ ዓይኗ ሩቅ አልሄደም። ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ጋሽ ዛኪርና ሚስታቸው ሰአዳ ይኖራሉ። ባሏ በሕይወት ሳለ ጀምሮ መቀናጆ ነበሩ፤ እሳቸውም አንድ ቀይ በሬ፣ እሷም አንድ ጥቁር በሬ ስላላቸው ሁለቱን ጠምደው ማሳቸውን በየተራ ያርሳሉ። በዓሏንም ዒዳቸውንም አብረው ያሳልፋሉ። ይሁን እንጂ ጋሽ ዛኪር ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ነገር ማዘውተር ጀምረዋል። ማለዳ ማለዳ አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ወደ የሺ ግቢ ያያሉ። ዓይናቸው የሚያርፈው ደግሞ የልብስ መስጫው ላይ ነው። ይህን ልብ አለችው። በዚያ ላይ ሰአዳ ከመርሳ ገበያ ስትመለስ አንገቷ ላይ ጣል ያደረገችው ፎጣ የእሷን ፎጣ ቁርጥ ሆኖ ታያት። መርሳ ገበያ ላይ ያ ዓይነት ፎጣ ተከምሮ እንደሚሸጥ የሺ ታውቃለች፤ የራሷንም የገዛችው ከዚያው ነው። ቢሆንም ታያት።

ሌባውን በዱካው ልያዘው ብላ አመድ ነፋች። ከምድጃዋ ያለውን አመድ ሁሉ ጠርጋ በአጥሩ መግቢያና በልብስ መስጫው ሥር በተነችው። አዲስ ያጠበችውን መቀነትም ሆን ብላ አንጠልጥላ አደረች። ጠዋት መቀነቱ የለም። አመዱ ላይ የታየው የቡሊት ኮቴ ብቻ ነው፣ የሰው እግር የሚባል ነገር የለም። ላሟ በገዛ ግቢዋ ብትመላለስ ምን ይገርማል። የሺ የደመደመችው፣ ሌባው አመዱን አይቶ ዘሎ አልፏል፣ ስለዚህ ግቢውን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ነው ብላ ነው።

ይባስ ብሎ አጥንቱ መጣ። አንድ ጠዋት በረቱ ደጃፍ ላይ የከብት ቅልጥም ወድቆ አገኘች። የታኘከ፣ ገና ያልደረቀ ምራቅ ያለበት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሌላ። ውሻ የላትም፤ የጎረቤት ውሻም እንዳይገባ አጥሩ ጥብቅ ነው። ልብስ ወስዶ አጥንት የሚጥል ሰው ምን እንደሚፈልግ የሺ ለመገመት ጊዜ አልፈጀባትም። መተት ነው አለች በልቧ። አጥንቱን በእንጨት ገፍታ ከግቢዋ አውጥታ ቀበረችው፤ ደጃፉንም ጠበል ረጨችው። የቡሊት ወተት እየቀነሰ ሄዶ አንድ ብርጭቆ ሲሆን፣ ፀጉሯም ሲቆም፣ ጎኗም ሲገባ፣ ይኼው ሥራው ያዘ ብላ አመነች።

በግንቦት መጀመሪያ ሦስት ሽማግሌዎች መንደሩ በሚሸማገልበት ሾላ ሥር አስቀምጣ ጋሽ ዛኪርን ከሰሰች። የጠፋውን ዘረዘረች፣ አጥንቱን ነገረች፣ አጥር ሥር መቀመጣቸውንም አልተወችም። ጋሽ ዛኪር አቀርቅረው ሰሙና ስትጨርስ፣ ከእሳቸውም ቤት ሁለት ሽርጥ መጥፋቱን፣ ጎረቤት አላስቀይም ብለው ዝም ማለታቸውን ለሽማግሌዎቹ ተናገሩ። የሺ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ሲያዝ የፈጠረው ነገር መሰላት።

«አንተ ነህ የወሰድከው፣ ሌላ ማንም አይደለም» አለች።

ልብሱን መውሰድ አለመውሰዳቸው ቀርቶ፣ ሽማግሌዎቹን ያስደነገጠው አንተ ማለቷ ነው። በሃያ ዓመት ጉርብትና አንቱ ስትላቸው ኖራለች። ጋሽ ዛኪር ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና፣ በሬያቸውን ከዛሬ ጀምሮ ከሌላ ሰው ጋር እንደሚያቀናጁ ለሽማግሌዎቹ ነግረው ሄዱ። እንደዚያም አልሆነላቸውም፤ በዚያ ወቅት ሰው ሁሉ ተቀናጅቶ ጨርሷል። የሁለቱም በሬ ለብቻው ቆሞ ዋለ፣ የሁለቱም ማሳ ሳይታረስ ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ መንጎድ ጀመረ።

በዚሁ ሰሞን ነው ህሊና የመጣችው። ህሊና መርሳ የምትሠራ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ናት። በሞተር ሳይክል መንደር ለመንደር እየዞረች ከብት ትከትባለች። ቡሊትን ስታያት ቆመች። የጎድን አጥንቷን ቆጠረች፣ አፏን ከፍታ አየች፣ ከዚያ የት እንደምትግጥ ጠየቀች። የሺ ጎረቤቶቿን መጠርጠር ከጀመረች ወዲህ ከወል መንጋው ለይታ፣ ከአስፋልቱ አጠገብ ባለው ሸለቆ ዳር እንደምታስራት ነገረቻት። ሣሩ በዚያ ወራት ነጭ ገለባ ሆኗል፤ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ቆሻሻቸውን ይደፋሉ። ህሊና ይህን ሰምታ ጥቂት አሰበች።

«እትዬ የሺ፣ ላሟ አጥንት ስታኝክ አይተው ያውቃሉ?» አለቻት።

የሺ ክው አለች። ስለ አጥንቱ ከሽማግሌዎቹና ከጋሽ ዛኪር በቀር የሰማ ሰው የለም። ይቺን ልጅ እሳቸው ልከዋታል ማለት ነው፤ መጀመሪያ የጋሽ ዛኪርን ቤት ከትባ ነው ወደ እኔ የመጣችው። ላሜ ሣር ነው የምትበላው አለቻት፣ አጥንት የሚበላው ጅብ ነው። ህሊና ደግማ፣ አፈርስ ትልሳለች ወይ ብላ ጠየቀች። የሺ የለም አለች። ቡሊት የበረቱን ግድግዳ ጭቃ እየላሰች ጎድጓዳ እንዳወጣችበት እያወቀች ነው የለም ያለችው።

ህሊና አልተከራከረችም። ከሞተሯ ኋላ ካለው ሳጥን ጠቆር ያለ፣ ድፎ ዳቦ የሚያህል ከባድ ነገር አውጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። የሚላስ ጡብ ይባላል አለቻት። በዚህ በደረቅ ወራት ሣሩ ሆድ ከመሙላት አልፎ ከብቱን አይጠቅመውም፤ ይህ የጎደለውን ይሞላል። ምን ምን እንዳለበት ስትጠየቅ አልደበቀችም። ሞላሰስ የሚባለው የስኳር አገዳ አተላ፣ ፉሩሽካ፣ ጨው፣ ተቃጥሎ የተፈጨ አጥንት፣ ጥቂት ዩሪያ፣ እንዲጠነክርም ትንሽ ሲሚንቶ።

የሺ ከጨዉ በኋላ ያለውን እየሰማች ፊቷ ተለዋወጠ። ዩሪያ ማለት ማሳ ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ ነው። ሲሚንቶ ቤት የሚሠራበት ነው። አጥንቱን ደግሞ ተወው። ይህን ለላም የሚሰጥ ሰው ጤነኛ ነው? አጠቃቀሙን ሳታስነግራት ቶሎ አመስግና ተቀበለችና፣ ህሊና ስትሄድ ጡቡን በጆንያ ጠቅልላ ቆጥ ላይ ሰቀለችው፤ አንድ ነገር ቢመጣ ማስረጃ ይሆናል ብላ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ቡሊት አልነሣም አለች። በግድ አስነሥታ ብታቆማትም ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ከትናንት ጀምሮ በረቷ ውስጥ እበት የለም። የሺ ጎኗን በእጇ ጫን ስታደርገው ጠንካራ ነው፣ ሊጥ እንደተሞላ ጆንያ። ላሟ እያቃሰተች አየቻት። መጀመሪያ ወደ አእምሮዋ የመጣው መርዝ ነው። ሁለተኛው ጋሽ ዛኪር።

ቀና ስትል አጥሩ ላይ ቆመዋል። ማቃሰቷን ሰምተው ነው የመጡት። ሳያስፈቅዱ ገቡና ጎኗን ዳሰሱ፣ ጆሮዋን ነኩ። ለሐኪሟ ደውለሻል ወይ ብለው ጠየቋት። የሺ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ከተዘጋ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ግን ያንን አልነገረቻቸውም። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም፤ ከኪሳቸው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። የሺ አጠገባቸው ቆማ የሚናገሩትን አንድ በአንድ አዳመጠች። የሐኪሟን ቁጥር እንዴት ያውቁታል? ለምን ቸኮሉ? ላሚቱን ያሳመማት ሰው ቀድሞ መድኃኒት ፈላጊ ሆኖ ቢታይ ማን ይጠረጥረዋል? እንዲህ እያሰበች ነው ህሊና እስክትመጣ የቆየችው።

ህሊና ደርሳ የላሟን ጎን አዳመጠች፣ መታ መታ አደረገች። ሆዷ ውስጥ የማይፈጭ ነገር አለ፣ ካልወጣ አትተርፍም አለች። የሚወጣው ደግሞ ተቀዶ ነው። የሺ ቆማ ያለችን ላም ሆድ ቀዶ መስፋት ሰምታ አታውቅም። እምቢ ልትል አስባ ነበር። ቡሊት ግን አንገቷን ዘርግታ አንድ ጊዜ ስታቃስት፣ አድርጊው አለቻት።

ላሟን ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ግንድ ጋር አሰሯት። ጋሽ ዛኪር ቀንዷን ይዘው አንገቷን ደገፉ። ሰአዳ ውኃ አፍልታ መጣች፤ የሺ ስትመጣ አየቻትና ፊቷን አዞረች። ህሊና የላሟን ግራ ጎን ላጭታ አጠበች፣ ማደንዘዣ ወጋች፣ ቀደደች። የመንደሩ ሰው አንድ ሁለት እያለ አጥሩ ዳር ተሰብስቧል። ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ መጥተዋል። ህሊና ረጅም ጓንቷን እስከ ብብቷ አጥልቃ እጇን ከተተች።

መጀመሪያ ያወጣችው የፌስታል ድብልብል ነው። ቀጥሎ የገመድ ቁራጭ። ከዚያ አንድ ረጅም ነገር ያዘችና መጎተት ጀመረች። ስትጎትተው ስትጎትተው አያልቅም። የሺ ጥለቱን አየችው። መቀነቷ ነው፤ አመድ በነፋች ዕለት ያንጠለጠለችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሺ ቆማ ማየት ስላቃታት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሻሹ ወጣ፣ ነጭነቱ ጠፍቶ የሣር ቀለም ይዟል። ፎጣው ወጣ። የቢኒያም ሸሚዝ ኮሌታ ከነቁልፉ ወጣ። ህሊና እያወጣች መሬት ላይ ትዘረጋለች። ቀጥሎ የወጣው አረንጓዴ መስመር ያለው ሽርጥ ነው። ከሱ ጋር ተጠቅልሎ ሌላ ሽርጥ። ሰአዳ ጎንበስ ብላ ጫፉን ገለጥ አድርጋ አየች።

«ይሄ የሳቸው ነው» አለች፤ ለማን እንደተናገረች ግን አልታወቀም።

በመጨረሻ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ የሕፃን ካልሲ ወጣ። ህሊና የላሟን ሆድ አጥባ፣ ደርባ ደርባ ሰፋች። እየሰፋችም ስለ ነገሩ አስረዳች። ሣሩ ሲነጣ ከብት የአጥንት ማዕድን ያጥረዋል፤ ያኔ ምኑም ምኑም ያምረዋል። አጥንት ያኝካል፣ አፈር ይልሳል፣ ላብ የነካው ጨርቅ ለጨዉ ብሎ ይበላል። አጥንቱን ከሸለቆው በአፏ ይዛው እየመጣች ማታ በረት ስትገባ የምትጥለው ራሷ ናት። ልብሱንም በማለዳ ወደ ግጦሽ ስትወጣ ከአጥሩም ከገመዱም እየመዘዘች ስትውጥ ኖራለች፣ ከሁለቱም ቤት።

ሰው ሲበተን ጋሽ ዛኪር የላሟን ቀንድ ለቀው እጃቸውን ታጠቡ። የሺ ከድንጋዩ ላይ ተነሥታ ወደሳቸው ሄደች። ምን እንደምትል አስባ አልነበረም።

«ጋሽ ዛኪር፣ አንቱን በሽማግሌ ፊት አንተ ብያለሁ። ሌባም ብያለሁ። ይቅር ይበሉኝ አልልም፣ ይቅር የሚባል አይደለም።»

ጋሽ ዛኪር እጃቸውን በሽርጣቸው ጫፍ አደረቁ።

«እኔስ አጥሩ ሥር እየተቀመጥኩ ምን የማይ መሰለሽ?» አሉ። «ሽርጤን ካንቺ ገመድ ላይ ላገኘው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሌባዋ አንቺ ነሽ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። አንቺ አፍ አውጥተሽ ተናገርሽው፣ እኔ በልቤ ይዤው ስሰግድበት ከረምኩ። የትኛችን እንደምንብስ አላህ ይወቀው።»

በማግስቱ የሺ ሽማግሌዎቹን ደግማ ሾላው ሥር ሰበሰበች። በሰው ፊት የከሰሰችውን ክስ በሰው ፊት አነሣች። ሰአዳን ግን ሽማግሌ ፊት አልጠራቻትም። ለብቻዋ ቤቷ ሄዳ ስለ ፎጣውም፣ መተት ስላለችውም አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ሰአዳ እንደ ባሏ ቶሎ አልረገበችም። አጥንት ጣይ እስከመባል መድረሷን ከየሺ አፍ ስትሰማ አለቀሰች፤ ብዙ ሳምንትም ሰላምታዋ አጭር ነበር። የሺ ይህን አልተቃወመችም፤ የሚገባት ስለሆነ ተቀበለችው።

ቁስሉ ጠገግ ሲል ህሊና ክሩን ልታወጣ መጣች። የሺ ያን ጊዜ ቆጡ ላይ የሰቀለችውን ጡብ አውርዳ ጆንያውን ፈታች። ህሊና እስካሁን አለመሰጠቱን አየች። የሺ ጡቡን ወደ አፏ አስጠግታ በምላሷ ጫፍ ላሰችው። መጀመሪያ ጣፈጣት፣ ቀጥሎ ጨው ጨው አላት፣ ከዚያ መረራት፤ ተፋችው። ህሊና ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

የሺ አልሳቀችም። አጠቃቀሙን ጠየቀች። ህሊና፣ ሣር ከበላች በኋላ ብቻ ትላሰው፣ በባዶ ሆዷ እንዳይሰጣት፣ ጥጃ እንዳይነካው፣ ዝናብ እንዳይመታው፣ ተሰባብሮም በውኃ ተበጥብጦም እንዳይሰጥ አለቻት።

«ተበጥብጦ ብትጠጣውስ?» አለች የሺ።

«ትሞታለች።»

«መርዝ ነዋ ታዲያ።»

«ሲበዛ መርዝ ነው፣ እትዬ የሺ። ቀስ ብላ ስትልሰው ግን ሆዷ ውስጥ ገለባውን መፍጨት ይረዳታል። ለዚህ ነው እንዲህ ጠንክሮ የተሠራው፣ ነክሳ እንዳትጎርሰው።»

የሺ ህሊናን ትክ ብላ አየቻት። ከዚህ በፊት የሆነ ነገር ይዞ ቤቷ የመጣ ሰው ሁሉ ጥቅሙን ነው የነገራት፤ ጉዳቱን ከነስሙ የነገራት ሰው አታስታውስም። የመጀመሪያ ቀን ለምን ይህን አልነገርሽኝም ልትል ፈለገችና፣ ያን ቀን ስለ አጠቃቀሙ አንድም ነገር እንድትነግራት ዕድል እንዳልሰጠቻት ትዝ አላት።

በረቱ ጥግ፣ ጣራው በደንብ የሚከልለው ቦታ ላይ ከእንጨት ሳጥን ሠርታ ጡቡን አስገባችው። የመጀመሪያውን ሳምንት ቡሊት በላሰች ቁጥር አጠገቧ ተቀምጣ ትንፋሿን ታዳምጥ ነበር፤ ሲበቃትም ሳጥኑን ትከድነዋለች። ላሟ ግድግዳ መላስ ተወች። ከግንቦት ወዲህ በረቱ ደጃፍ ላይ አጥንት አልታየም፣ ልብስም አልጠፋም። ሐምሌ ላይ ፀጉሯ ተኛ፤ ወተቷም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ግራ ጎኗ ላይ ያለው የስፌት ጠባሳ ግን ፀጉር አላበቀለም።

በሬዎቹ እንደገና ተጠመዱ። ማሽላው ስላለፈባቸው በሁለቱም ማሳ ላይ ጤፍ ዘሩ፤ ለከብቱ የሚሆን አገዳ ግን በዚያ ዓመት አላገኙም። ጋሽ ዛኪር ይህን አንድም ቀን አንሥተውባት አያውቁም። የሺ ግን ባዶውን የአገዳ ማማ ባየች ቁጥር ታስበዋለች።

የሺ መጠርጠሯን አልተወችም። ባለፈው ጥር ከሰአዳ ጋር መርሳ ገበያ ወርደው ሳለ አንድ ነጋዴ የሚላስ ጡብ ደርድሮ ሲሸጥ አገኙ። ከህሊናው ይረክሳል። ሰአዳ ለቀዩ በሬ ልትገዛ እጇን ስትሰድ የሺ ያዘቻትና ሰውዬውን ጠየቀችው። ምን ምን አለበት? ሁሉም አለበት አላት። በውኃ በጥብጨ ብሰጠውስ? እንደፈለግሽ ስጪው እናቴ፣ ምንም አይልም አለ።

የሺ ጡቡን ወደ ቦታው መለሰችው። ትንሽ ራቅ ካሉ በኋላ፣ «እንዲህ ያለውን አትግዢ» አለቻት። ሰአዳ ምክንያቱን አልጠየቀችም። ክንዷን በየሺ ክንድ ውስጥ አስገብታ ወደ ጨው ተራ ወሰደቻት።